ፖሊሽ ከመቀባቱ አስቀድሞ

ብዙ ሰው የአውቶሞቢል ፖሊሽ ቆሻሻን የሚያስወግድ፣ የደበዘዘውን የሚያበራ፣ የተጫረውንም የሚደፍን አንድ መድኃኒት ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ፖሊሽ በእጅ ወይም በሞተር እየታሸ ያገኘውን ነገር ሁሉ ይዞ የሚፈትግ ቅባት ነው፤ ንጹሕ ቀለም ያገኘ እንደ ሆነ ቀለሙን ያበራዋል፤ አፈር ያገኘ እንደ ሆነ ደግሞ አፈሩን በቀለሙ ላይ ይፈጨዋል። ስለዚህ የመኪናው ውበት የሚወሰነው በቆርቆሮው ውስጥ ባለው ቅባት ሳይሆን ቆርቆሮው ከመከፈቱ በፊት በተሠራው ሥራ ነው። በዚህ ንግግር አንባቢ እንዲያስተውለው የምንፈልገውም ይህንኑ ቀዳሚ ሥራ ነው።

ጉዳዩን በሚገባ ለማስረዳት ወደ ምዕራብ ጎጃም እንውሰደው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ ደብረ ማርቆስንና ደምበጫን አልፎ ፍኖተ ሰላም የደረሰ መኪና የመጣው በአስፋልት ነው። ያለበትም እድፍ ሬንጅ፣ የነፍሳት በድንና የመንገድ ጥላሸት ነው። ይሁን እንጂ የመንግሥት ሠራተኛ ሥራ በአስፋልቱ ዳር አያበቃም። ለጤና፣ ለእርሻ፣ ለትምህርት ወይም ለግብር ጉዳይ ወደ ቋሪት፣ ወደ ሰከላ፣ ወደ ደጋ ዳሞት መዝለቅ አለ፤ ከቡሬም ወደ ሺንዲ መሄድ፣ አለዚያም የነቀምቱን መንገድ ይዞ ወደ ዓባይ ሸለቆ መውረድ አለ። በበጋ ወራት ከገጠሩ የጠጠር መንገድ የተመለሰ መኪና ነጭ ይሁን ሰማያዊ ለመለየት ያስቸግራል፤ ሁሉም የጎጃምን ቀይ አፈር መልክ ይይዛል። በማግሥቱ ጧት ባለቤቱ ወይም ሹፌሩ ቢሮ ከመግባቱ በፊት ደረቅ ጨርቅ አንሥቶ ኮፈኑን ጠረግ ጠረግ ያደርጋል። ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚህች ጨርቅ ነው።

ስለ አቧራው ጠባይ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። የጎጃም ደጋ በአብዛኛው የቆመው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ ፈልቆ በረጋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው። ይህም ባዛልት የሚባለው፣ እኛ በተለምዶ ጥቁር ድንጋይ የምንለው ነው። ድንጋዩ በዘመን ብዛት ሲበሰብስ ቀይ አፈር ይሆናል፤ የሚቀላውም በውስጡ ያለው ብረት ስለሚዝግ ነው። አፈሩ ብቻውን ቢሆን ልስልስ ነበር። ነገር ግን የገጠሩ መንገድ የሚለብሰው ጠጠር ከዚሁ ጥቁር ድንጋይ የሚወጣ ሲሆን፣ የጭነት መኪና ጎማ በረገጠው ቁጥር እየደቀቀ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀላል። የማዕድናትን ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በሚመድበው የሞስ መለኪያ ብርጭቆ 5.5 ገደማ ሲያገኝ፣ በባዛልት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ፌልድስፓር የተባለው ማዕድን 6 ያገኛል። አናጢ እንጨቱን የሚያለሰልስበትን ነገር የብርጭቆ ወረቀት ብለን እንጠራዋለን፤ አቧራ በለበሰ መኪና ላይ ደረቅ ጨርቅ የሚያሽ ሰው እንግዲህ ከብርጭቆ በጠነከረ ዱቄት የገዛ ንብረቱን ይልጋል ማለት ነው።

ልጆች በዚህ ረገድ ሳያውቁት ምስክር ሆነውልናል። አቧራ በጠጣ መኪና የኋላ በር ላይ በጣታቸው ስማቸውን ወይም «እጠቡኝ» የሚል ቃል ይጽፋሉ። መኪናው ከታጠበ በኋላ በፀሐይ በኩል ገደድ ብለው ሲመለከቱት ጽሕፈቱ ብዙ ጊዜ ሳይጠፋ ይነበባል። የልጅ ጣት ይህን ያህል ከጻፈ፣ የጎልማሳ ክንድ በጨርቅ ምን ያህል እንደሚጽፍ መገመት አያዳግትም።

ቀለሙስ ምን ያህል ውፍረት ቢኖረው ነው? በዛሬው ዘመን ከፋብሪካ በሚወጣ መኪና ላሜራ ላይ ያለው ቀለም ጠቅላላ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። ከሥር ዝገትን የሚከላከለው መነሻ ቀለም፣ ከዚያ መልኩን የሚሰጠው ቀለም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እንደ መስተዋት የጠራው ልባስ ይገኛል። ይህ የላይኛው ልባስ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ያህል ሲሆን፣ የሰው ጠጉር ግን በአማካይ 70 ማይክሮን ገደማ ይወፍራል። የመኪናው ወዝ ሁሉ ያረፈው ከጠጉር በቀጠነ ነገር ላይ ነው። ፖሊሽ ጭረትን አጠፋ ሲባል ደፈነው ማለት አይደለም፤ በጭረቱ ዙሪያ ያለውን ልባስ ፍቆ እስከ ጭረቱ ወለል ዝቅ አደረገው ማለት ነው። በሞተር ጠንከር ተደርጎ የተሠራ ፖሊሽ በአንድ ጊዜ ጥቂት ማይክሮን ይዞ ይሄዳል፤ የሄደውም አይመለስም። ልባሱ እየሳሳ በሄደ መጠን የፀሐይን ጨረር የሚመክትበት ኀይል ይደክማል፤ በመጨረሻም በጣሪያውና በኮፈኑ ላይ እንደ እባብ ቆዳ ይላጣል። የፀሐይ ጨረር ደግሞ በከፍታ አገር ብርቱ ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከ10 እስከ 12 በመቶ ያህል እንደሚጨምር ይገመታል። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ፣ ቡሬም ከ2,000 ሜትር በላይ እንደሚገኙ ልብ ይበሉ።

ይህ ጥንቃቄ ለጌጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላደከምንዎ ነበር። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። በደመወዝ ለሚኖር ሰው አንዲት ያገለገለች ቶዮታ ከመኖሪያ ቤት ቀጥላ የቤተ ሰቡ ትልቅ ሀብት ናት። ቀለሟ ከተላጠ ከዋጋዋ ላይ ይቀነሳል፤ እንደገና ማስቀባቱም የብዙ ወር ደመወዝ ይጠይቃል። መኪናው የመሥሪያ ቤት ከሆነም ወጪው ከሕዝብ ገንዘብ ይወጣል እንጂ አይቀርም።

ወደ ሥራው ስንገባ፣ አስቀድሞ የቀለሙን ዓይነት መለየት ይገባል። የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች እንደ ሠረገላ በብሩሽ ይቀቡ ስለነበር ቀለሙ እስኪደርቅ ሳምንታት ያልፉ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ ዱኮ የተባለው የዱፖንት ኩባንያ ፈጥኖ የሚደርቅ ቀለም ወጥቶ ይህን ችግር አቃለለው። ከላይ የጠራ ልባስ ያለው አቀባብ በሰፊው የተለመደው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ነው። በአገራችን ገና የሚሽከረከሩ አሮጌ ላንድ ሮቨሮችና ቮልስዋገኖች፣ እንዲሁም ብዙ ነጭ የሥራ መኪኖች ይህ ልባስ የላቸውም፤ ቀለሙ ራሱ የላይኛው ገጽ ነው። ለመለየት ቀላል ነው። ዓይን በማይደርስበት ቦታ፣ ለምሳሌ በበሩ የታችኛ ጠርዝ ላይ፣ ከታጠበ በኋላ ጥቂት ፖሊሽ በነጭ ጨርቅ ይሹበት። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ልባስ የለውም፤ ካልያዘ ልባስ አለው። ልባስ የሌለው አሮጌ ቀለም በፀሐይ ብዛት እንደ ኖራ የሚነጣ ዱቄት ያወጣል። ያ ዱቄት ሙት ቀለም ስለ ሆነ በፖሊሽ መነሣቱ አያስደነግጥም፤ ልባስ ያለው ሲነጣ ግን ልባሱ ራሱ ስለ ሞተ ፖሊሽ አይመልሰውም።

ለዚህ ሥራ የተመቸው ወቅት በእኛ አስተያየት ጥቅምት ነው። ዝናቡ አቁሟል፣ ጭቃው ደርቋል፣ የበጋው አቧራ ግን ገና አልበረታም። ሰዓቱ ጧት ይሁን፤ ቦታውም ጥላ። በፀሐይ በጋለ ላሜራ ላይ ሳሙናም ሆነ ውኃ ቶሎ ስለሚደርቅ ነቁጥ ጥሎ ይቀራል። ጥላው ግን የዛፍ ጥላ ባይሆን ይሻላል፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እንደርስበታለን። የጉድጓድ ውኃ በውስጡ በሟሙት ማዕድናት የተነሣ ነጭ ምልክት ስለሚጥል፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ያለው ሰው ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ያንን ያቆይ። ይህም ጣሪያውን አጥቦ የሚወርደው የመጀመሪያው ዝናብ ሳይሆን ከእርሱ በኋላ የመጣው ነው። መኪናን ወንዝ ውስጥ አስገብቶ ማጠብ ግን ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው፤ ግራሶውና የሞተሩ ዘይት ዝቅ ብላ እንስራዋን የምትሞላ ሴት ጋ ይደርሳልና።

አስተጣጠቡ እንዲህ ነው። መኪናው ውኃ በብዛት እስኪወርድበት ድረስ እጅም ጨርቅም አይንካው። ጎማ ቧንቧ ከሌለ የአትክልት ውኃ ማጠጫ ከጆግ ይበልጣል፤ ውኃው እየተንጠባጠበ ሳይሆን እየፈሰሰ አፈሩን ያወርደዋልና። ከጣሪያው ተጀምሮ ወደ ታች ይወረዳል። የደረቀ ጭቃ በጎማው ዙሪያና በበሩ ሥር ካለ ዐሥር ደቂቃ ያህል እንዲርስ ይተዉት፤ በጥፍር ወይም በእንጨት መፋቅ ፈጽሞ አይገባም። ከዚህ በኋላ ሁለት ባልዲ ይዘጋጃል፤ አንዱ የሳሙና፣ ሁለተኛው ባዶ ውኃ። ጨርቁ ከሳሙናው ተነክሮ ጥቂት ስፍራ ካጠበ በኋላ ወደ ሳሙናው ከመመለሱ በፊት በባዶው ውኃ ይታጠባል። ይህ ተራ ነገር ቢመስልም ከሥራው ሁሉ ዋናው ነው፤ ሲጨርሱ የሁለተኛውን ባልዲ ወለል ቢዳስሱት የተቀመጠውን ደቃቅ አሸዋ በጣትዎ ያገኙታል። በአንድ ባልዲ ያጠቡ እንደ ሆነ ያ አሸዋ በሙሉ ተመልሶ በቀለሙ ላይ ይሄድ ነበር። ውኃ በሚያጥርበት ገጠርም ቢሆን ባለ 20 ሊትር አራት ጀሪካን ይበቃል።

በየላቫጆው ብዙ ጊዜ የምናየው ስሕተት ቸርኬውን ያጠበው ጨርቅ ወደ ኮፈኑ መውጣቱ ነው። ለጎማና ለቸርኬ የራሱ ጨርቅ ይኑረው። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሳሙናም በሚገባ ካልሟሟ እያንዳንዱ ፍሬው ይጭራል፤ ስለዚህ የመኪና ሻምፖ፣ ከጠፋም ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይሻላል። የዕቃ ማጠቢያው ሳሙና የቀድሞውን ሰም ስለሚያነሣ ለዘወትር እጥበት ባይመከርም፣ ከፖሊሽ በፊት ግን የሚፈለገው ይኸው ነው። ጨርቁን በተመለከተ ማይክሮፋይበር የሚባለው ከሁሉ ይመረጣል። እርሱ ከታጣ ደጋግሞ የታጠበ አሮጌ ነጠላ መልካም አገልግሎት ይሰጣል፤ ነገር ግን ጥለቱ አስቀድሞ ተቆርጦ ይውጣ፣ የጥለት ክር ሻካራ ነውና።

ታጥቦ የማይለቅ እድፍ እንደየጠባዩ ይታከማል። ሬንጅ በነጭ ጋዝ ይለቃል፤ ጨርቅ ላይ ጥቂት አድርገው ነጥቡ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ያቆዩት፣ ሳይጫኑ ያንሡት፣ ቦታውንም ወዲያው በሳሙና ይጠቡ። ቤንዚን ለእሳት አደገኛ ነው፤ የቀለም ማቅጠኛ የሆነው ቲነር ደግሞ በጋራዥ የተቀባን ቀለም ከነመነሻው ሊያነሣ ይችላል። የወፍ ኩስ ከሬንጅ የከፋ ጠላት ነው። በውስጡ አሲድ አለበት፤ ቀለሙም በቀን ሙቀት ሲላላና በሌሊት ብርድ ሲጠነክር ኩሱ በደረቀበት ስፍራ ምልክቱ ታትሞ ይቀራል። የዛፍ ጥላ አይሻልም ያልነው ስለዚህ ነው። የደረቀውን ኩስ በጥፍር ሳይነኩ እርጥብ ጨርቅ ደርበውበት ዐሥር ደቂቃ ቢጠብቁ ራሱ ይለቃል። በጎጃም ደግሞ ሌላ እንግዳ አለ፤ ማር በሚሰጥ አገር ንብ ብዙ ነውና፣ የአደይ አበባና የኑግ አበባ በሚፈካበት ወራት ቢጫ ነጠብጣብ በመኪናው ላይ ይታያል። ብዙ ሰው የአበባ ዱቄት ይመስለዋል እንጂ የንብ ኩስ ነው። ትኩስ ሆኖ በሞቀ ውኃና በሳሙና ይለቃል፤ ከከረመ ግን ያስቸግራል።

መኪናው ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ንጹሕ መሆኑን በዓይን ብቻ መፍረድ ያሳስታል። እጅዎን በቀጭን ፌስታል ውስጥ ያስገቡና በኮፈኑ ላይ በቀስታ ያንሸራትቱ። ፌስታሉ ጣት የማይሰማውን ሻካራነት ያጎላዋል። ቀለሙ እንደ ብርጭቆ የሚያዳልጥ ከሆነ ንጹሕ ነው፤ እንደ አሸዋ ከቆረቆረ ከፍሬን የሚወጣ የብረት ብናኝ፣ የሬንጅ ርጭት ወይም አፈር ተተክሎበታል። ይህን የሚያነሣው ክሌይ የሚባለው እንደ ሊጥ የሚለጠጥ ማጽጃ ነው፤ የፈለሰፉትም ጃፓኖች ናቸው። ቀለሙን በሳሙና ውኃ አርጥቦ፣ ማጽጃውን እንደ ቂጣ ጠፍጥፎ ሳይጫኑ በቀጥታ መስመር ማንሸራተት ነው። ሲጠቁር አጥፎ በንጹሕ ፊቱ መቀጠል ይገባል። መሬት ላይ ከወደቀ ግን ዋጋው ቢያሳዝንም ይጣል። ይህ ማጽጃ የማይገኝበት ሰው ቀለሙ ካልቆረቆረው ቢተወው ይሻላል እንጂ በሌላ ነገር ተክቶ መፈተግ የለበትም።

አሁን ቀለሙ ራቁቱን ነውና ጉድለቱ ሁሉ ይታያል። በባትሪ መብራት ገደድ አድርገው ይመልከቱት። እንደ ሸረሪት ድር ክብ ክብ እየሠራ የሚታየው የደረቅ ጨርቅ ሥራ ነው፤ ፖሊሽ የሚያነሣው ይህንን ነው። ጥፍር የሚያደናቅፍ ጭረት ግን ከልባሱ ያለፈ ስለ ሆነ በፖሊሽ ሊያጠፉት ቢታገሉ ልባሱን ይጨርሳሉ። በኮፈኑ ጫፍ ጠጠር የፈነጠረበትን ነጥብ ሁሉ አንድ በአንድ ይዩ። በቀይ አፈር አገር ዝገትንና አፈርን ማምታታት ቀላል ነው፤ ሁለቱም መልካቸውን ያገኙት ከአንድ ነገር ነውና። በሳሙና የለቀቀው አፈር ነበር፤ የቀረው ዝገት ነው። ዝገት ላይ ፖሊሽ መቀባት ቁስልን ሳያጥቡ ቅባት መቀባት ነው፤ ላዩ ያምራል፣ ውስጡ ይበላል። ነጥቡ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ብረቱ እስኪነጣ ይጽዳ፤ ከዚያ የዝገት መከላከያ ቀለም፣ በላዩም የመኪናው ቀለም ይቀባ። በጋራዥ ሙሉ በሙሉ የተቀባ ገላ ቢያንስ አንድ ወር ያህል ሰም ሳይነካው ቢቆይ መልካም ነው፤ በቀለሙ ውስጥ ያለው ማቅጠኛ ገና እየተነነ ነውና።

መኪናውን ከሌላ ሰው የገዙት ከሆነ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው በብረቱ ገላ ላይ ያስጠጉ። በአንድ ስፍራ መያዙን ከላላ ከሥሩ ስቱኮ አለ፤ በዚያ ስፍራ ያለው ቀለም የፋብሪካ ስላልሆነ ሞተር ሳይሆን እጅ ብቻ ይግባበት።

በገበያችን ፖሊሽ በሚል አንድ ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይሸጣሉ። አንዱ የሚፍቅ ነው፤ ሁለተኛው ሰም ሆኖ የሚሸፍን ነው። የቆርቆሮው ጽሕፈት ካልገባ ጥቂት ወስደው በሁለት ጣት መካከል ይሹት፤ የሚቆረቁር ከሆነ የሚፍቀው ነው፣ ሙልጭልጭ ካለም ሰሙ ነው። ይህ ሙከራ ግን ደቃቁን ፈቂ ሁልጊዜ ስለማያሳብቅ፣ የሚሸጠውን ሰው አጥብቆ መጠየቅ አይከፋም። የሚቀባው የሚፍቀው ከሆነ የመስኮቱ ጎማና የፓራውልቱ ጥቁር ፕላስቲክ አስቀድሞ በወረቀት ፕላስተር ይሸፈን፤ ፖሊሽ የገባበት ጥቁር ፕላስቲክ ነጭ ሆኖ ይቀራልና። የላሜራው ጠርዝና እጥፋትም እንደዚሁ ይሸፈን፤ ቀለም ከሁሉ ይልቅ የሚሳሳው በዚያ ነው። ላሜራው ቀዝቃዛ መሆኑን በእጅዎ ጀርባ ያረጋግጡ። ከዚያ ቆርቆሮው ይከፈት፤ ነገር ግን ሥራው ከኮፈኑ መካከል አይጀመር። ዓይን ከማይበዛበት ከኋላው በር የታችኛ ክፍል በአንድ መዳፍ ስፋት ላይ ተሞክሮ፣ ውጤቱም በባትሪ ታይቶ፣ ለዚያ ቀለም የሚበቃው የእጅ ጫና ከታወቀ በኋላ ወደ ጣሪያው መውጣት ይቻላል።